የዶቦ ሐውልት፣ ኤገር፦ ከአምስት ኮከብ አራት

ቡዳፔስት የምትማሩም ሆነ ለጉብኝት የመጣችሁ ሐበሾች፣ የሃንጋሪዋን ከተማ ኤገርን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከኬለቲ ጣቢያ ቀጥታ ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ መሀል ከተማው በእግር ይደረሳል፤ ታክሲ አያስፈልግም። እኔ በስኮላርሺፕ የምኖር ተማሪ ነኝና ነፃ ነገር ስወድ! የኢሽትቫን ዶቦ ሐውልት ደግሞ በስሙ በተሰየመው አደባባይ ላይ ስለቆመ ትኬት የሚባል ነገር የለውም።

ዶቦ እ.ኤ.አ. በ1552 የኤገር ምሽግ አዛዥ ነበር። በዚያ ዓመት ቴሜሽቫርና ሶልኖክ የሚባሉት ምሽጎች በኦቶማን ቱርክ ጦር እጅ ወድቀዋል፤ ተራው የኤገር ነበር። ምሽጉ ውስጥ ሴቱም ሕፃኑም ተቆጥሮ 2,000 ገደማ ሰው አለ። ውጭ የሰፈረው ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ከ5 ሳምንት በላይ ተከበቡ፤ ከውጭ የደረሰላቸው ረዳት ጦር የለም። በመጨረሻ የከበባቸው ጦር ራሱ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። (እነዚሁ ኦቶማኖች ከ5 ዓመት በኋላ ምጽዋን ይዘዋል፤ ስለዚህ ታሪኩ ለእኛም ያን ያህል ሩቅ አይደለም።)

ሐውልቱ የአላዮሽ ሽትሮብል ሥራ ነው፤ በ1907 ቆመ። ቡዳ በሚባለው የቡዳፔስት ክፍል ፈረሱ ላይ የተቀመጠውን የንጉሥ ቅዱስ ኢሽትቫንን ሐውልት ካያችሁ የዚሁ ሰው እጅ ነው። ያኛው ግን ጭምት ነው። እዚህ ነሐሱ ይዋጋል።

በጣም የወደድኩት አዛዡን ብቻውን አለማቆሙን ነው። አንድ ወታደርና አንዲት የኤገር ሴት አብረውት አሉ። ሐውልት ላይ ሴት ስትቀረጽ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ታለቅሳለች ወይ አበባ ትይዛለች። ይህችኛዋ ግን ውጊያው ውስጥ ናት። በእውነትም የኤገር ሴቶች ግንቡ ላይ ወጥተው ተዋግተዋል። እኔ ከዶቦ ይልቅ እሷን ሳይ ነው የቆየሁት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚያው አደባባይ ላይ ፈረሰኞች የሚዋጉበት ሌላ ሐውልት አለ፤ በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። አብራኝ የሄደችው የክፍሌ ልጅ ዶቦ መስሏት ፎቶ በፎቶ አደረገችው። ዶቦ ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ያለው ነው። ከፍታው ትንሽ በዝቷል፤ ፊቱን በደንብ ለማየት ስልካችሁ ጥሩ ዙም ቢኖረው ይሻላል።

ታዲያ አንዱን ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ሐውልቱ የድሉን ቀን ብቻ ስለሚያሳይ ነው። ይህ ሰው በ1569 በሃንጋሪ ንጉሥ ላይ አሲረሃል ተብሎ ታሰረ። ያን ሁሉ መከራ የበላው ለዚያው ዘውድ ነበር እኮ! ከተፈታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በ1572 ሞተ። ከሐውልቱ ይህን አታገኙትም። ስለዚህ ብር ካላችሁ ወደ ምሽጉ ውጡ፤ የጀግኖች አዳራሽ ውስጥ የመቃብሩ ክዳን አለ፣ ጥሩር እንደለበሰ ተቀርጾበት። እኔ ከነሐሱ ይልቅ ያኛው ነው የነካኝ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሚናሬቱን፣ ማለትም የመስጊዱን ማማ እዩት። ኦቶማኖች በ1596 ተመልሰው ከተማዋን ይዘው 91 ዓመት ቆይተዋል፤ 40 ሜትር የሚሆነው ግንብ የእነሱ ነው። ደረጃው በጣም ጠባብ ነው። ትልቅ ቦርሳ ይዛችሁ እንዳትሞክሩት።