በፍራንክፈርት የአሥር ሳምንት የሊድ ትምህርት፦ ለክላራ ብዬ ገብቼ ፋኒን አገኘሁ

ማክሰኞ ማታ ከሆስፒታል ሥራዬ ወጥቼ በቀጥታ ወደዚህ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ክፍያው ለአሥር ሳምንት 180 ዩሮ ነው፤ ስድስት ተማሪዎች፣ አንዲት አስተማሪ፣ አንድ ፒያኖ። ሊድ ጀርመኖች ግጥምን ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ የሚያዜሙበት ሙዚቃ ሲሆን፣ ይህ ኮርስ የሚያስጠናው ሴቶች የደረሱትን ብቻ ነው። እኔን የሳበችኝ ጀርመናዊቷ ፒያኖ ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ክላራ ሹማን ናት። እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ እዚሁ ከተማ በሆህ ኮንሰርቫቶሪ፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ ፒያኖ አስተምራለች።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳንዘፍን አለቀ። ክላራ ዜማ የሠራችለትን የጀርመናዊውን ገጣሚ የሩከርትን ግጥም ደጋግመን አነበብን፦ ለውበት ብለህ ከሆነ እኔን ተወኝ፣ ወርቃማ ጸጉር ያላትን ፀሐይ ውደድ። «ውበት» የሚለው የጀርመንኛ ቃል በአማርኛ የሌለ አናባቢ አለበት። አስተማሪዋ «ኤ» እያልኩ ከንፈሬን «ኦ» እንደሚል ሰው እንዳሞጠሙጥ ነገረችኝ፤ መንጋጋዬ እንዳይንቀሳቀስም ጣቷን አገጬ ላይ አሳረፈች። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ሳልታገል ወጣ። መጨረሻ ላይ ዘፋኟ ዝም ካለች በኋላ ፒያኖው ብቻውን ይቀጥላል፤ እስኪያበቃ ድረስ ዓይኔን እንኳ እንዳላነሣ አዘዘችኝ። ዘፈኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1841 ክላራና ባሏ፣ የዜማ ደራሲው ሮበርት፣ በጋራ ካሳተሙት ስብስብ የተወሰደ ነው። ከ12ቱ ዜማዎች ሦስቱ የእርሷ ቢሆኑም የትኛው የማን እንደሆነ አልተጻፈም። አስተማሪዋ ሁሉንም ተጫወተችልንና የክላራን ለዩ አለችን። እኔ ያገኘሁት አንዱን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «የሴት ሙዚቃ እንዲህ ነው» የሚለኝን ሰው አልቀበልም።

ቅሬታዬ ለሌላዋ ጀርመናዊት የዜማ ደራሲ ለፋኒ ሄንዝል ሁለት ሳምንት ብቻ መሰጠቱ ነው። በወንድሟ፣ በታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ በፌሊክስ ሜንደልሶን ስም ከታተሙት ዜማዎቿ አንዱን ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1842 ስትዘፍንለት፣ «የእህቴ ነው» ብሎ ለማመን ተገዷል። እንዲህ ያለ ታሪክ በጥድፊያ አይታለፍም። ኖታዎቹም ለከፍተኛ ድምፅ የተጻፉ ብቻ ነበሩ፤ ድምፄ ዝቅተኛ ስለሆነ እቤቴ ተቀምጬ ለድምፄ እንዲስማሙ በእርሳስ ዝቅ አድርጌ ጻፍኋቸው። 180 ዩሮ ለሚያስከፍል ትምህርት ይህ የተማሪ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ቢሆንም ለቀጣዩ ዙር ተመዝግቤአለሁ። ፋኒ እ.ኤ.አ. በ1846 በራሷ ስም ያሳተመቻቸው የኦፐስ 1 (ሥራ ቁጥር 1) ስድስት ዜማዎች እንዲገቡ አስተማሪዋን ጠየቅኋት፤ እዚያው ደብተሯ ላይ ጻፈችው።