ጎንደር ፒያሳ የወሰድኩት የልቦለድ አጻጻፍ ኮርስ፦ ንግርና ምልሰት ለመማር ያዋጣል ወይ?

በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ እዚሁ ልጻፈው። ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጠውን የአጭር ልቦለድ ኮርስ ጨርሻለሁ። ስምንት ቅዳሜ ነው፣ ክፍያው 2,400 ብር፣ በቴሌብር ቀድሞ ይከፈላል። ቅሬታም ስላለኝ የቦታውን ስም አልጠራም።

ኮርሱ የቆመው በዋናነት ሁለት ነገር ላይ ነው፣ ንግርና ምልሰት። ሁለቱንም ሃይስኩል አማርኛ ላይ ሸምድደናቸዋል፣ ንግር ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም፣ ምልሰት ደግሞ ታሪኩን ወደኋላ መመለስ ብለን ፈተና ላይ ጽፈን ወጥተናል፣ ግን እንዴት እንደሚሰራ ቁጭ ብሎ ያሳየን ሰው አልነበረም። እኔ ይሄን ያገኘሁት እዚህ ነው።

አስተማሪው ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የመጀመሪያው ቀን ሀንዳውት ምናምን ሳይከፍቱ በራሳችን ከተማ ጀመሩ። የጎንደር ልጅ ሆኖ ያልሰማው የለም፣ የነገሥታቱ መናገሻ በ«ጎ» የምትጀምር ቦታ ትሆናለች የሚል ንግርት ነበር፣ ጉዛራ ተሞከረ፣ ጎርጎራ ተሞከረ፣ በኋላ አፄ ፋሲል ጎሽ ሲያሳድዱ መጥተው እዚህ ቆሙ ይባላል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም. ነው። ከዛ ጋሼ ጠየቁን፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ንግርት መቼ የተነገረ ይመስላችኋል? ከተማዋ ሳትቆም ነው ወይስ ከቆመች በኋላ?» ክፍሉ ጸጥ አለ። እሳቸው ታሪኩን ለማፍረስ አልነበረም የጠየቁት፣ የጸሐፊ ሥራ ከኋላ ወደፊት እንደሆነ ሊያሳዩን ነው። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ነው ተመልሶ መጀመሪያው ላይ ምልክት የሚያስቀምጠው። እኔ ሁልጊዜ ንግር ስጽፍ መሀል ላይ የምፈልገው ነገር ነበር፣ ገና ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ፣ ለዛ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ታሪክ ይዤ የተቀመጥኩት።

ቀጥሎ ፍቅር እስከ መቃብርን አነሱ፣ በ1958 የታተመው። ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ይነግርሃል እኮ፣ መቃብር ተብሎ ተጽፏል፣ ግን ማናችንም ርዕሱን አይተን መጽሐፉን አልተውነውም። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ የተሳሉት ስለትስ? ገና ልጅ ሆኖ ነው ዕጣው የተቆረጠለት። ስናነብ ስለት የሀገሩ ወግ ነው ብለን አልፈነው እንሄዳለን፣ ሰብለወንጌል ስትመጣ ነው ስለቱ የሚከብደን። ጋሼ ያሉት ይሄን ነው፣ ጥሩ ንግር ስታልፈው የሀገር ወግ ይመስላል፣ ስትመለስበት ፍርድ ሆኖ ታገኘዋለህ።

በጣም የወደድኩት ክፍለ ጊዜ ግን ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነው። «ይሄን ታሪክ እናንተ ብትጽፉት ሽጉጡን የት ቦታ ነው የምታስገቡት?» አሉን። አንዱ ልጅ መቅደላ ላይ አለ፣ እሱ ዘግይቷል፣ አንባቢው ከየት መጣ ይላል። አንዷ ደግሞ ስጦታው ሲደርስ ሙሉ አንድ ገጽ ስለሽጉጡ ልጽፍ አለች፣ የብር ጌጡን፣ የተቀረጸበትን ጽሑፍ፣ ክብደቱን ሁሉ፣ ጋሼ «እታለም፣ እንደሱ ከጮኸ አንባቢው ነቅቶ ይጠብቅሻል» አሏት። ከዛ ራሳቸው ሞከሩት። ስጦታው የደረሰ ቀን ግቢው ሰው በሰው ነው፣ ንጉሡ ደስ ብሏቸዋል፣ ወሬው ሁሉ ስለወዳጅነት ነው፣ እዛ መሀል አንድ አሽከር ሽጉጡን በነጠላው ጫፍ ወልወል አርጎ ያስቀምጠዋል፣ አለቀ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ዓይን ያረፈው ደስታው ላይ ስለሆነ ማንም ሽጉጡን አያየውም። እኔ ይሄን ሰምቼ የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከኛ ጋር የሚማር አንድ ዲያቆን አለ፣ ቅኔ የቆጠረ ልጅ ነው፣ እጁን አውጥቶ «ጋሼ ይሄ ኅብረ ቃል አይደል እንዴ?» አለ፣ በቅኔ ሁለት ትርጉም የሚይዘውን ቃል ማለቱ ነው። ሰሙን ሰምተህ ታልፋለህ ወርቁ በኋላ ይገባሃል ለማለት ነው። እሳቸውም በጣም ደስ አላቸው ግን አንድ ልዩነት ጨመሩ፣ በቅኔ ሰሙም ወርቁም እዛው ቃል ውስጥ ናቸው፣ ንቁ ሰሚ ካለ እዛው ይፈታዋል፣ ንግር ግን የቱንም ያህል ብትነቃ ቁልፉ የተቀመጠው ሃያ ገጽ ወዲያ ነው። ስለዚህ ሰሙ ብቻውን የሚጥም መሆን አለበት፣ ካልሆነ አንባቢው እዛ አይደርስም።

ለንግር ህልም እንዳንጠቀም የከለከሉን መጀመሪያ ላይ አልተዋጠልኝም ነበር። ህልም፣ የቁራ ጩኸት፣ ድንገት የሚሰበር ብርጭቆ፣ ጀበና ሲደፋ እናት ደረቷን ይዛ «ልጄ!» ማለት፣ ድራማው ሁሉ በዚህ ስለተሞላ አንባቢ ገና ሲያየው ሰው ሊሞት ነው ይላል። አሁን ትክክል ናቸው እላለሁ።

ወደ ምልሰት ስመጣ ከራሴ ታሪክ ልናገር። አንድ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ አዘዞ እናቱ ቤት ይመለሳል፣ እኔ በር ላይ አድርሼው «ከአስር ዓመት በፊት...» ብዬ ስድስት ገጽ ወደኋላ ሄድኩ፣ የአባቱን ሞት ከሀ እስከ ፐ ተረኩት። ጋሼ አነበቡትና «ልጁ ግን አሁንም በር ላይ እንደቆመ ነው፣ አልደከመውም?» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ስድስት ገጽ ሙሉ ሰውዬዬን ረስቼዋለሁ። ምልሰት የሚከፍተው ነገር ይፈልጋል ነው የሚሉት፣ አሁን ያለ፣ በእጅ የሚነካ ወይ የሚሸት ነገር፣ ሰውየው እሱን ሲነካ ወደኋላ ይሄዳል፣ ሲመለስም በዛው ነገር ነው የሚመለሰው።

አስተካክዬ ስጽፈው ግድግዳው ላይ ኩላብ አስገባሁ፣ ድሮ የአባትየው ጠመንጃ የሚሰቀልበት። ገጽ ሦስት ላይ እናትየው የሁሉንም ጋቢ ተቀብላ ገመድ ላይ ታሰጣለች፣ ኩላቡ ባዶውን ነው፣ አንድ ጎረቤት ሊሰቅልበት ሲል «እዚህ አምጣው» ብላ ትወስድበታለች፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። ገጽ አስራ አራት ላይ ልጁ ማታ ሁሉም ሲተኛ እጁን ኩላቡ ላይ ያሳርፋል፣ እንጨቱ መሀሉ ተበልቶ ለስልሷል፣ የማንገቻው ጠፍር የበላው ነው፣ ከዛ ነው ወደ አባቱ የመጨረሻ ጠዋት የሚሄደው፣ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ። አንዱ ኩላብ መጀመሪያ ንግር ሆነ፣ በኋላ የምልሰቱ በር ሆነ። እህቴ ስታነበው አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት ነበር፣ ገጽ አስራ አራት ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ምንም ሳትናገር ወረቀቱን ወደኋላ ገልጣ ገጽ ሦስትን እንደገና አነበበችው።

ሌላ ቦታ ያላገኘሁት ትምህርት ደግሞ ስለ «ነበር» ነው። ምልሰት ስንጽፍ ሁላችንም መጥቶ ነበር፣ ተቀምጦ ነበር፣ ነግሯት ነበር እያልን ገጹን ነበር በነበር እናረገዋለን፣ ሲነበብ ጆሮ ይደክማል። መግቢያው ላይ ሁለት ሦስቴ ብቻ አስገቡት፣ አንባቢው ወደኋላ እንደሄደ አንዴ ካወቀ በቀጥታ መጣ፣ ተቀመጠ፣ አለ ብላችሁ ቀጥሉ፣ ሊያልቅ ሲል አንድ «ነበር» መልሳችሁ አምጡና በሩን ዝጉት ነው ያሉት። ቀላል ይመስላል ግን የኔን ታሪክ ግማሽ ያዳነው ይሄ ነው። ሙሾ አውራጆችም እንዲህ ነው የሚያረጉት ብለው አስረዱን፣ አስከሬኑ ፊት ቆማ ትጀምራለች፣ ወዲያው ወደ ጎረምሳነቱ ትወስድሃለች፣ ሲያርስ ሲዘምት ታሳይሃለች፣ ከዛ አንድ ቃል ብላ እዛው አስከሬኑ ጋ ትመልስሃለች፣ ሰው የሚያለቅሰው ሲመለስ ነው። እኔ ስንት ለቅሶ ተቀምጫለሁ፣ እንዲህ አርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

አሁን ቅሬታዬ። ጥፋቱ የጋሼ አይደለም፣ የአዘጋጆቹ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አርባ ሰው ገደማ አስገቡ፣ ወንበር የሚበቃው ለሠላሳ ነው፣ ሁለት ቅዳሜ ቆሜ ተምሬያለሁ። አራተኛው ቅዳሜ ሳይነገረን ተሰረዘ፣ ከማራኪ ባጃጅ ተኮናትሬ መጥቼ በሩ ተቆልፎ አገኘሁት፣ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ መልእክቱ የተለጠፈው ማታ ነው፣ የማካካሻ ቀንም አልሰጡንም፣ ስለዚህ ስምንት ተብሎ ሰባት ነው የተማርነው። ሀንዳውቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ግማሹ አይነበብም። ከሁሉም የቆጨኝ ግን ንግር አራት ቅዳሜ ወስዶ ምልሰት ሁለት ብቻ ማግኘቱ ነው፣ ምልሰት ውስጥ ምልሰት ሲገባ ምን ይደረጋል የሚለውን ገና ጠይቀን ሰዓቱ አለቀ። ጽሑፋቸው የታየላቸውም አስራ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እኔ ዕድለኛ ነበርኩ፣ ያልታየላቸው ግን ያንኑ 2,400 ከፍለዋል፣ ይሄ ትክክል አይደለም፣ ለአዘጋጆቹም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።

እንደዛም ሆኖ መመዝገብ ለሚፈልግ ተመዝገብ ነው የምለው፣ ግን የተጀመረ ጽሑፍ ካለህ ብቻ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ሲያዳምጥ ደስ ይለዋል እንጂ ብዙ ይዞ አይወጣም። ጽሑፍህን የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ስጥ፣ ተራው በቅደም ተከተል ነው የሚያዘው። ስምንት ሰዓት ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ዘግይቶ ነው፣ አንተ ግን በሰዓቱ ሂድና መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ያዝ፣ መብራት ሲጠፋ የሚታየው እዛ ብቻ ነው።