ፔንታክስ ኬ1000፦ የፊልም ፎቶን ከመሠረቱ ለሚማር ሰው

ፔንታክስ ኬ1000 እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ቀርቦ እስከ 1997 ድረስ ሲመረት የቆየ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራ ካሜራ ነው። ለጀማሪ የሚሆን የፊልም ካሜራ በተነሳ ቁጥር ስሙ አብሮ የሚነሳ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በጥንካሬው ነው። እኔ ግን ከጥንካሬው ይልቅ የማደንቅለት፣ በራሱ የሚወስነው አንዳችም ነገር ስለሌለ የብርሃኑን ስሌት በሙሉ ለተማሪው መተዉን ነው።

የፊልሙ አይኤስኦ፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃንን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቀበል የሚያሳየው ቁጥር፣ አንዴ ከተሞላ በኋላ በብርሃኑ ስሌት ለተጠቃሚው የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ከ1 ሴኮንድ እስከ 1/1000 ሴኮንድ የሚደርሰው የሻተር (ብርሃንን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው መጋረጃ) ፍጥነትና አፐርቸር የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት። ስፋቱ በኤፍ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። በመመልከቻው መስኮት በስተቀኝ ያለችው መርፌ ብርሃን ሲበዛ ወደ ላይ፣ ሲያንስ ወደ ታች ትሄዳለች። መርፌዋ በ1/125 እና በኤፍ 8 መሃል ላይ ከቆመች፣ በ1/500 እና በኤፍ 4፣ እንዲሁም በ1/30 እና በኤፍ 16 እዚያው መሃል ላይ ትቆማለች፤ ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሦስቱም እኩል ነውና። ፎቶዎቹ ግን አንድ አይሆኑም፤ በኤፍ 4 የተነሳው ከሰውየው ጀርባ ያለውን ሲያደበዝዝ፣ በኤፍ 16 የተነሳው የቅርቡንም የሩቁንም አጥርቶ ያሳያል፤ ነገር ግን በ1/30 እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይበላሻል። ይህን በገዛ ጣቱ እያዞረ ያየ ተማሪ በቀላሉ አይረሳውም።

መርፌዋን በጭፍን ማመን ግን አይገባም። የብርሃን መለኪያው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ ግድግዳ ፎቶው ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ለነጭ ነገር መርፌዋን ከመሃል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ፀሐይ ከጀርባው የሆነችበትን ሰው ሲያነሱ ደግሞ ቀርቦ ፊቱን ብቻ መለካት፣ ከዚያም ቁጥሮቹን ሳይነኩ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ጉድለቶችም አሉት። የሻተሩ ፍጥነት በመመልከቻው ውስጥ ስለማይታይ ዓይንን ከካሜራው ማንሳት ግድ ይላል፤ ይህን ቀላል ጉድለት አድርጌ አላየውም። መለኪያው ማጥፊያ ስለሌለው የሌንሱ ክዳን ካልተከደነ ባትሪው ያልቃል። ደግነቱ ባትሪው የሚያገለግለው ለመለኪያው ብቻ በመሆኑ ካሜራው ያለ ባትሪም ያነሳል። በጠራ ፀሐይ ኤፍ 16ን ይዞ የሻተሩን ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ ጋር ማቀራረብ፣ ማለትም ለ400 ፊልም 1/500 ማድረግ፣ በቂ ነው።

ለመጀመሪያው ፊልም እንደ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ያለ ባለ 400 ጥቁርና ነጭ እመርጣለሁ፤ የብርሃን ስሕተትን በደንብ ይሸከማል። ፊልሙ ሲገባ በተለይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ የፊልም ማሳለፊያው ዘንግ በተሳበ ቁጥር በግራ በኩል ያለው የመጠቅለያ ቁልፍ አብሮ መዞር አለበት። ፊልሙ ሳይያዝ ቢቀርም ቆጣሪው መቁጠሩን ስለማያቆም፣ ቁጥሩን ብቻ ያመነ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ባዶ ፊልም ነው።

ካሜራው ዛሬ የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ብቻ ስለሆነ ከመግዛት በፊት የጀርባውን በር ከፍቶ ሻተሩን በ1 ሴኮንድም በ1/1000ም መሞከር፣ የሻተሩ መጋረጃዎች መሃል ላይ ሳይቆሙ መከፈት መዘጋታቸውንም ማየት ይገባል። በሩ ዙሪያ ያለው ብርሃን የሚከለክል ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት የሚፈረፈር ቢሆንም መተካቱ ቀላል ነው። መርፌዋ ባትሠራም በስልክ መተግበሪያ ብርሃን መለካት ስለሚቻል፣ ዋጋው ከተቀነሰ ቢገዛ አልቃወምም፤ ሻተሩ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ባለሙያ ፈልጎ ማስጠገን ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አልመክረውም።