«አንዱን ተኩሰህ እየው» የሚላችሁን ጥይት ሻጭ አትመኑ

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ በፈቃድ የተያዘ ሽጉጥ ላላቸው ሰዎች ነው። በተለይ እንደኔ ከከተማው ዳር ለምትኖሩ፣ ሽጉጣችሁም ከአባት የተወረሰ አሮጌ ባለ ከበሮ (ጥይቱ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚገባ) ለሆነ። ባለፈው ወር 7,200 ብር ከፍዬ 18 ፍሬ ጥይት ገዛሁ። አንዱም ለሽጉጤ የተሠራ አልነበረም። አምስቱ ደግሞ እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ተሞክረው የከሸፉ ናቸው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ጅብ አጥር ሥር ድረስ ይመጣል። ዘንድሮ ደግሞ ሌባ በዛብን። አንድ ጎረቤቴ የውሃ ሞተሩን ከጓሮው ነቅለው ወሰዱበት፤ እሱ ከነቤተሰቡ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች። እኔም ከሳጥን ውስጥ የአባቴን ሽጉጥ አወጣሁ። የቤልጅግ ሥሪት ስድስት ጎራሽ ነው፣ የተመዘገበና ፈቃድ ያለው። ከሱ ጋር አባቴ በቆዳ ዝናር ያስቀመጣቸው አራት ጥይቶች ብቻ ነበሩ። ቀለሃቸው አረንጓዴ ሆኗል።

ለአንድ ወዳጄ ይህን ሳወራ «የሚያመጣልህ ልጅ አለ» አለኝ። በማግስቱ ልጁ ደወለልኝ። «ሽጉጡ ላይ ሠላሳ ሁለት ይላል አይደል? የሱ ጥይት እኔ ጋ አለ ወንድሜ» አለ። ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ተገናኘን። ጥይቶቹን ያመጣቸው በሻይ ቅጠል ካርቶን ነው። እንደ ወርቅ ያብረቀርቃሉ። አንዱን ከበሮው ውስጥ ሲከተው ጥርግ ብሎ ገባ። «እየው፣ ልኩ ነው» አለኝ። ከዚያ «አንዱን ተኩሰህ እየው፣ ካልሠራ ብርህን አልፈልግም» አለ። ወደ ወንዙ ገደል ወርደን ተኮሰው። ጮኸ። እኔም አምኜ ከፈልኩ። ሰው በሚኖርበት አካባቢ መተኮሱም፣ ከመንገድ ላይ ጥይት መግዛቱም ጥፋት ነው፤ ይህን አልደብቅም። አሁን ላሳያችሁ የምፈልገው ግን ያ ተኩስ እንዴት እንዳታለለኝ ነው።

ያ የተኮሰው ጥይት ከካርቶኑ አልነበረም። ከኪሱ ነው ያወጣው። ይህ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የሚስቴ አጎት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሠራዊቱ ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ላይ ሠርተዋል። እሁድ ለቡና ሲመጡ አሳየኋቸው። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይናቸውም በጣታቸውም ማረጋገጥ ነበር። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ጥይቶቹን ደረደሩ። አንዱን አንስተው አሸተቱት።

«ሎሚ ይሸታል» አሉኝ።

እኔም አሸተትኩት። እውነታቸውን ነው። ነሐስ በሎሚና በአመድ ሲታሽ አዲስ እንደሚመስል እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ያ ሁሉ ብልጭታ የፋብሪካ ሳይሆን የጓዳ ሥራ ነው። ጋሼ በጥፍራቸው እርሳሱና (ተተኩሶ የሚወጣው ጫፍ) ቀለሃው የሚገናኙበትን ቦታ ፋቅ ፋቅ አደረጉ። እዚያ እጅ ያልደረሰበት አረንጓዴ ዝገት አለ። ቆዳ የሚለፋበት ነገር አሲድነት ስላለው፣ ጥይት በዝናር ለዓመታት ሲቀመጥ ነሐሱን ይበላዋል። የአባቴም ጥይቶች የተበላሹት በዚሁ ነው። ላዩን ማጠብ ይቻላል፤ እርጥበት የነካውን ባሩድ ግን ማንም ሎሚ አይመልሰውም።

ቀጥሎ የጥይቶቹን ቂጥ ገልብጠው በማጉያ መነጽር አዩ። መሃል ላይ መርፌው የሚመታት ክብ ካፕሱል አለች። ባልተተኮሰ ጥይት ላይ ለጥ ያለች መሆን አለባት። በአምስቱ ላይ ግን ትንሽ ስርጉድ ያለ ምልክት አለ። አንድ ሰው ቃታ ስቦባቸው፣ ከሽፈውበት፣ መልሶ ሸጧቸዋል ማለት ነው። እኔ ያንን ስርጉድ አይቼው ነበር። የፋብሪካ ምልክት መስሎኝ አለፍኩት።

ዋናው ነገር ግን ገና ነበር። ጋሼ የልጄን ማስመሪያ አስመጡ። የአባቴን ጥይት ከተገዛው አጠገብ አቆሙት። የአባቴ ቀለሃ ወደ 23 ሚሊሜትር ነው። የተገዛው 17 ብቻ። የአባቴ ጥይት ቂጡ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር አለው፤ ከበሮው ላይ የሚይዘው እሱ ነው። የተገዛው ከንፈሩ የለም ለማለት ይቻላል፤ በሱ ፈንታ ዙሪያውን የተቆፈረ መስመር አለ።

«ይሄ ካርታ ላለው፣ ጥይቱ በእጀታው በኩል በሚገባ መያዣ ለሚጎርሰው ሽጉጥ ነው» አሉ። «7.65 ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለባለ ከበሮ የተሠራው ረጅሙ 32 የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥይት የወጣው በ1896 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ብራውኒንግ ለቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራው ጥይት መጣ። እሱን አንዳንዱ ውፍረቱን በሚሊሜትር ቆጥሮ 7.65 ይለዋል፣ ሌላው በኢንች መቶኛ ቆጥሮ 32 ይለዋል። የቀለሃቸው ውፍረት ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ የካርታው ጥይት በብዙ አሮጌ 32 ባለ ከበሮዎች ውስጥ ይገባል፣ ሊተኮስም ይችላል። ግፊቱ ግን አይገናኝም። የአሜሪካ አምራቾች የግፊት ጣሪያ ለረጅሙ 32 በአንድ ካሬ ኢንች 15,000 ፓውንድ ሲሆን ለ7.65 ደግሞ 20,500 ነው። ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይበልጣል። ያንን ጭነት የኔ አባት በወጣትነቱ ባገኘው ብረት ላይ አስቡት። አንዴ ይችለው ይሆናል። አሥረኛው ላይ ከበሮው ቢሰነጠቅ ያ ከበሮ ያለው ከዓይኔ ፊት፣ ከእጄ በላይ ነው።

«ገባ» ማለት «ልኩ ነው» ማለት አይደለም። እባካችሁ ይህቺን ያዙልኝ። ጥይት ልኩ መሆኑ የሚታወቀው ሽጉጡ ላይ የተጻፈው ሙሉ ስም፣ ፈቃዱ ላይ ያለው ዓይነትና ጥይቱ ቂጥ ላይ የታተመው ሲገጥሙ ነው። አሮጌ ሽጉጥ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ የኔም «32» ብቻ ይላል። እንዲህ ሲሆን ባለሙያ ጥይቱ የሚገባበትን ጉድጓድ ለክቶ ይንገራችሁ። በግምት አይሆንም።

አሁን ወደዚያች «ተኩሰህ እየው» ልመለስ፤ ሰው ሁሉ የሚያዝባት እሷ ናት። ጋሼን «ግን እኮ ሲተኮስ ሠርቷል» አልኳቸው።

«የተተኮሰው ስለ ራሱ ነው የሚነግርህ ልጄ» አሉኝ። «እሱ ደግሞ የለም።»

የፋብሪካ ጥይት ሳጥኑ ላይ የምርት ቁጥር አለው። በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ባሩድ፣ በአንድ ማሽን የተሠራ ማለት ነው። ከዚያ ሳጥን ጥቂቱን ብትተኩሱ ስለ ቀሪው አንድ ነገር ታውቃላችሁ። ከየሰው ዝናርና ከየፍራሹ ሥር የተለቀመ ጥይት ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። አንዱ 40 ዓመት ጣሪያ ሥር ሙቀት ላይ ኖሮ ይሆናል። ሌላው ጎርፍ ገብቶበት ይሆናል። አሥሩን ተኩሳችሁ አሥሩም ቢሠሩ ስለ አሥራ አንደኛው ምንም አታውቁም። ሌሊት በር ሲሰበር ከበሮው ውስጥ ያለው ደግሞ ያ አሥራ አንደኛው ነው።

ስለዚህ ሳጥንና የምርት ቁጥር የሌለው ጥይት ለቤት ጥበቃ አይሆንም። ዋጋው ምንም ይሁን። መፈተኛውም ገደል ሳይሆን የተፈቀደ የኢላማ ቦታ ነው፣ አሠልጣኝ ባለበት። ጋሼ እዚያ የሚታየውን ነገሩኝ። ስድስቱም ሲገቡ ከበሮው ሳያዝ፣ ሳይፋቅ ይዞራል ወይ? ቂጣቸው እኩል ተቀምጧል ወይ? ከተተኮሰ በኋላ ቀለሃው በቀላሉ ይወጣል ወይስ ተነፍቶ ተጣብቋል? ድምፁስ አንድ ዓይነት ነው?

ድምፁን በደንብ አስረዱኝ። አንዱ ጥይት ደከም ያለ «ጱፍ» ብቻ ካሰማ እዚያው አቁሙ። ባሩዱ በደንብ ሳይነድ እርሳሱ ሽጉጡ ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሁለተኛ የተኮሰ ሰው ቧንቧውን ሊያፈነዳው ይችላል። ጭራሽ ከከሸፈ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ። ባለ ከበሮ ላይ ወዲያው ደግማችሁ ቃታ ብትስቡ፣ ያ ዘግይቶ የሚነሳው ከቧንቧው መስመር ዞር ብሎ ወጥቶ እዚያው ከበሮው ውስጥ ሊነሳ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ባለቤቴን ዝም ያሰኛት ነበር። ጋሼ በመስኮት ወደ አጥራችን እያዩ «ከቆርቆሮው ማዶ ማን ነው የሚተኛው?» ብለው ጠየቁ። የጎረቤት ልጆች ናቸው። ቆርቆሮ ጥይት አያቆምም። የጭቃ ግድግዳና ባዶ ብሎኬትም አይታመኑም። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ ያደረግነው የበሩን ብረት ማጠንከር፣ የጓሮ መብራት ማስገባትና ከጎረቤት ጋር ሁለተኛ ጥበቃ መቅጠር ነው። ሽጉጡ ባዶውን፣ ተቆልፎ፣ ልጆች የማይደርሱበት ተቀምጧል።

18ቱንም፣ የአባቴን አራቱንም ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትንም ይመለከታል። የኔ ፈቃድ ያንን ሽጉጥ እንድይዝ እንጂ ከጋራዥ ጀርባ እንድገዛ አይደለም። ግማሽ ቀን ቃል ሰጠሁ። ብሩ አልተመለሰም፤ የልጁ ስልክም ተዘግቷል። እናንተ ቤት አሮጌ ጥይት ካለ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ እሳትም አታስነኩት። እንዴት እንደምታስረክቡ አስቀድማችሁ ጣቢያው ደውላችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ቅዳሜ የውሃ ሞተሩ የተሰረቀበት ጎረቤቴ መጣ። አንድ ልጅ ደውሎለታል፣ በሌላ ቁጥር። «ያንተ ጥይት እኔ ጋ አለ» ብሎታል። በምን እንደያዘው ጠየቅኩት። በሻይ ቅጠል ካርቶን ነው አለኝ። ብሩን ገና አልሰጠውም ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ደውሎ እንደማይፈልግ ነገረው።