ለስፌት መምህራችን፦ እጅዎ ይባረክ

በአእምሮ ሕክምና ክፍላችን ማክሰኞና ሐሙስ እንደ መሶብ ያለ የሣር ስፌት የሚያስተምሩትን እናት በአደባባይ ማመስገን እንፈልጋለን። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። አሠራራቸውን ግን ሌሎች የሕክምና ክፍሎችና ማኅበራት ቢያውቁት እንወዳለን።

ድብርት የያዘው ሰው ፍላጎቱ እስኪመጣ ከጠበቀ ቀኑ አልጋ ላይ ያልቃል። ትንሽ ሥራ ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ኋላ ይደርሳል። ስፌት ለዚህ ይመቻል፤ ወስፌው በተወጋ ቁጥር የተሠራው ነገር ለዓይን ይታያል። ከባዱ መነሻው ነው። እምብርቱ ላይ ዙሩ ጠባብ ስለሆነ አክርማው (ከውስጥ የሚገባው የሣር እስር) አልታጠፍ ይላል፣ ጀማሪም እዚያው ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ መምህራችን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ቤታቸው ሰፍተው ይመጣሉ፤ ታካሚው ከአራተኛው ይቀጥላል።

አለላውን (አክርማው ላይ የሚጠመጠመውን ቀለም የተነከረ ሣር) ውሃ አስነክተው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉታል። ከደረቀ ሲጎተት ይሰበራል፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ቀለሙ ይለቃል፣ ሲደርቅም ስፌቱ ይላላል። አክርማው ሲሳሳ አንድ ሁለት ዘለላ ብቻ ያስጨምራሉ፤ ብዙ በአንዴ ከገባ ዙሩ ይጎረብጣል። በመድኃኒት የተነሳ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲያጋጥማቸው ስፌቱን አይቀሙትም። ጠርዙን ከሥር በአውራ ጣታቸው ደግፈው ይይዙለታል፣ የሚወጋው ራሱ ነው። መንቀጥቀጡ ከወትሮው ከባሰ ያንኑ ቀን ለነርሷ ይነግራሉ። ይህ ለእኛ ትልቅ እገዛ ነው። ታካሚው ሲሳሳትም የሚያስፈቱት እስከ ስህተቱ ድረስ ብቻ ነው።

ስሜቱ ከልክ በላይ ንሮ አምስት ቀለም በአንዴ ለሚጠይቅ አንድ ቀለም ይሰጡታል። ስፌት የሴት ሥራ ነው ብለው የሚሸሹ ወንዶችን አይጎተጉቱም፤ አክርማ ያስመርጧቸዋል፣ ጣታቸው ሣሩን ሲለምድ ወስፌ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ማንንም አይመረምሩም። ከሁሉ በላይ የምናከብርላቸው ይህን ነው።

ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ለሚሉን፦ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ተመልክቷል፤ የእጅ ጥበብም ለጤና ከሚረዱት መካከል ተካቷል። መድኃኒትን ግን አይተካም፤ ይህን እሳቸውም አጥብቀው ይናገራሉ።

ልታስመጧቸው ለምትፈልጉ፦ በአንድ ጊዜ ከ8 ሰው በላይ አይቀበሉም፣ 45 ደቂቃ ይበቃል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ የማታው መድኃኒት ድንዛዜ ገና አልለቀቀም። ወስፌ ተቆጥሮ ይሰጥ፣ ተቆጥሮ ይመለስ፤ ቁጥሩ ሳይሞላ ማንም ከክፍሉ አይውጣ። ለጀማሪ መሶብ አታስጀምሩ፤ በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ትንሽ ስፌት ይሻላል፣ የሰፋውም ወደ ቤቱ ይውሰደው። የትራንስፖርትና የድካማቸውን ክፍያ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሙያ ነውና በነጻ አትጠይቁ። በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እናገናኛችኋለን።