ጌም ቴስተር ሆኖ መግባት ወይስ የራስን ጌም ሠርቶ መቅረብ?

ያለ ልምድ ወደ ቪዲዮ ጌም ሥራ መግባት ለሚፈልግ ሰው ሁለት መንገዶች ጎልተው ይታያሉ፦ ቴስተር፣ ማለትም ጌም ውስጥ ስህተት የሚፈልግ ሰው ሆኖ መቀጠር፣ ወይም የራስን ጌም ሠርቶ ለቀጣሪ ማሳየት።

ቴስተርነት ቀኑን ሙሉ መጫወት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። አንዱን በር መቶ ጊዜ ትከፍታለህ፤ እየሮጥክ፣ እየዘለልክ፣ ወደ ኋላ እየሄድክ። ገጸ ባሕርይው ግድግዳ ውስጥ ሲሰምጥ ከዚያ በፊት ያደረግከውን በቅደም ተከተል ትጽፋለህ። ፕሮግራመሩ ያንን ተከትሎ ስህተቱን ራሱ ማየት መቻል አለበት። ደመወዝ አለው፤ ጌም እንዴት እንደሚሠራም ከውስጥ ታያለህ። ግን ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ከዚያ ወደ ዲዛይን መሻገርም እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

የራስን ጌም መሥራት መጀመሪያ ላይ ሳንቲም አያስገባም። እኔ ግን ወደዚህ አደላለሁ። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ኮዱም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። ሉደም ዴር በተባለው የኢንተርኔት ጌም የመሥራት ውድድር ላይ ደግሞ ብቻህን በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ ጌም ለመጨረስ ትወዳደራለህ። ዋናው ነገር መጨረሱ ነው። አምስት ደቂቃ የሚያጫውት ያለቀ ጌም፣ ግማሽ ላይ ከቀረ ሰፊ ዓለም በብዙ ይሻላል። የገጸ ባሕርይውን ዝላይ ብቻ ማስተካከል ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቁልፉ ተጭኖ ገጸ ባሕርይው ቅንጣት ታህል ከዘገየ እጅ ወዲያው ያውቀዋል። ቀጣሪም ጌሙን ከፍቶ መጀመሪያ የሚነካው ይህንን ነው።

ሥራ ከሌለህና ወርሃዊ ገቢ የግድ ካስፈለገህ ቴስተርነቱን ያዝ፤ የራስህን ማታ ማታ ሥራ። ሥራ ካለህ ግን እሱን ሳትለቅ ዛሬውኑ አንድ ትንሽ ጌም ጀምር።