ያገለገለ ጄት ስኪ በሐዋሳ ሐይቅ፦ የ14 ወራት ልምድና የጭስ ማውጫው ጉዳይ

ይህን ጄት ስኪ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ስገዛው የሞተሩ ሰዓት ቆጣሪ 186 ያሳይ ነበር፤ ዛሬ፣ ከ14 ወራት በኋላ፣ 257 ላይ ደርሷል። 71 ሰዓት ለመኪና ምንም ማለት ባይሆንም፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ሐይቅ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን የማሽኑን ጠባይ ለማወቅ በቂ ነው። ማሽኑ ባለ 4 ስትሮክ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1500 ሲሲ ገደማ የሆነ፣ ሱፐርቻርጀር (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለውና ሦስት ሰው የሚያሳፍር የጃፓን ሥሪት ሲሆን፣ ወደ አገር ከመግባቱ በፊት ዱባይ፣ ባሕር ላይ ሠርቷል። የምርት ስሙን አልጠቅስም፤ የማወራው ብልሽት ከዕድሜና ከአያያዝ የመጣ በመሆኑ፣ በየትኛውም ያገለገለ ጄት ስኪ ላይ ሊደርስ ይችላልና።

ስለ ቀሪው ክፍል ብዙ የምለው የለኝም። ሁለት ሰው ተሳፍሮበት እንኳ አይናወጥም፤ መሪው ቀላል ነው፤ ባትሪውን አንድ ጊዜ ቀይሬአለሁ፤ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በጊዜው አግኝቷል። ከዳርቻው ፊላና ደንገል ጋር ግን አይስማማም፤ ጥልቀት በሌለው ቦታ ሞተሩ ከተነሣ ሣሩን ከሥሩ ስቦ የውኃ መግቢያውን ይዘጋል። ስለዚህ እስከ ወገብ የሚደርስ ውኃ እስካገኝ ድረስ በእጄ እየገፋሁ አስገባዋለሁ። ከዓሣ አጥማጆች መረብ መራቅም ግዴታ ነው፤ ለእነርሱ እንጀራቸው ነው፣ ለእኔም ኢምፔለሩ (ውኃ እየሳበ ማሽኑን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ላይ የተጠመጠመ ገመድ ማለት ነው።

ሰፋ አድርጌ መጻፍ የምፈልገው ስለ ጭስ ማውጫው ነው፤ ከገዛሁት ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ጊዜዬንም ገንዘቤንም የወሰደው እርሱ ነውና።

ብልሽቱ ራሱን የገለጠው በጥምቀት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ተራ በተራ ሳሳፍር ነው። ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ተነሥተን ወደ ጥቁር ውኃ አቅጣጫ ስንሄድ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ደቂቃዎች ሞተሩ ያለ ምንም ችግር በደቂቃ እስከ 7000 ዙር ድረስ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን እጀታውን ሙሉ በሙሉ ጨብጬው እያለ ድምፁ እየታፈነ ወደ 4500 ይወርዳል። ቆመን ትንሽ ስናሳርፈው ይመለሳል፤ እንደገና ስንሄድ እንደገና ይታፈናል። ወደ ዳር አውጥቼ የኋላውን የውኃ ማፍሰሻ መክፈቻ ስፈታውም ከሆዱ አራት አምስት ሊትር ውኃ ፈሰሰ።

እኔና መካኒኩ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ አየናቸው፤ ትልቁ ስሕተታችን ይህ ነበር። ውኃውን በመክፈቻው ጎማ አመካኘንና ጎማውን ቀየርን። የጉልበት መቀነሱን ደግሞ የቤንዚን ችግር ነው ብለን አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ለወጥን፤ ታንከሩ ውስጥ ውኃ ገብቶ እንደሆነ ብለን ያለውን ቤንዚን ቀዳን፤ የቤንዚኑን መስመርም አጠብን። ለውጥ ሲጠፋ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ለባሕር የተሠራ ነው፤ እኛ አገር ከፍታው ነው የሚጎዳው» አለኝ መካኒኩ። አባባሉ እውነት ስለነበረበት ለሁለት ወራት ያህል ተቀበልኩት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አየርን በራሱ ስቦ የሚያስገባ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ በዚያው መጠን መቀነሱ አይቀርም። ነገር ግን ከፍታ ሞተሩ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ የሚኖር ጫና ነው፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ አይመጣም፤ ቆሞ ሲያርፉም አይሄድም። ይህን ማሰብ የነበረብኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር።

ምሥጢሩን የፈታልን መቀመጫው ነው። አንድ ጠዋት ማሽኑ ውኃ ላይ እንዳለ፣ በገመድ አስረነው፣ በሚኒሞ (እጀታው ሳይጨበጥ፣ በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ ቆይቶ ድምፁ መታፈን ሲጀምር፣ መካኒኩ ውስጡን ለማየት መቀመጫውን ነቅሎ አነሣው። የሞቀ እንፋሎት ቡፍ ብሎ ወጣ፤ ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ተስተካከለ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል «ዓይኔን አቃጠለኝ» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔም ክንዱን ይዤ ሳብኩትና ሞተሩን አጠፋሁ፤ ከቤንዚን ሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን የሚጥለው ዓይን ስላቃጠለ አይደለም። ጭሱ ነፍሶ ሲያልቅ በነጩ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከማርሚታው (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚቀበለው የብረት ክፍል) በታች፣ እንደ ኩል የጠቆረ ጥላሸት በጣት የሚጠረግ ሆኖ ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነት ጄት ስኪ ላይ የጭስ ማውጫው የማቀዝቀዣው ሥርዓት አካል ነው። ኢምፔለሩ የሚገፋው ውኃ ጥቂቱ ተከፍሎ በሞተሩና በማርሚታው ግድግዳዎች ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጭሱን አብርዶ፣ በወፍራም የጎማ ቱቦ ወደ ውኃ ሳጥኑ (ውኃው ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ ወደሚከላከለው ክፍል) ይገባና ወደ ውጭ ይወጣል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ውኃውም ጭሱም አብረው ወደ ማሽኑ ሆድ ይፈስሳሉ። መቀመጫው ሲገጠም ሆዱ የሚተነፍሰው በጠባብ ቱቦዎች ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል፤ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ይታፈናል። የውኃውና የጉልበቱ ጉዳይ ከአንድ ቦታ የመነጨ ነበር ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ማሽኑን ሞተሩን ሳናስነሣ አንድ ሰዓት ሙሉ ውኃ ላይ አቆየነው፤ ሆዱ ደረቅ ነበር። ቀጥለን ለአሥር ደቂቃ ብቻ አስነሣነው፤ ውኃው ገባ። ስለዚህ የሚያስገባው የማሽኑ ገላ ወይም መክፈቻው አለመሆኑ ታወቀ። ከዚያ ተጎታቹ ላይ አውጥተን፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ የቤት ውስጥ አቧራ መምጠጫን የሚነፋበትን ወገን በጨርቅ ጠቅልለን በጭስ መውጫው አፍ ላይ ገጠምነውና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውኃ ረጨን። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር መጠቀም አያስፈልግም፤ ግፊቱ ስለሚበዛ ደህናውን ሊያበላሽ ይችላል። አረፋው በሁለት ቦታ ተነሣ። አንደኛው በማርሚታውና በውኃ ሳጥኑ መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ሆድ ላይ ነው፤ ከላይ ሲያዩት አዲስ የሚመስለው ቱቦ ከሥሩ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁን ያየነው የእጅ መስታወት ከሥሩ አስገብተን ነው። ሁለተኛው ማርሚታው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን በሚደፍነው ስስ ማሸጊያ) ላይ ሲሆን፣ ነጭ የጨው ቅርፊት ለብሶ ስለነበር ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲያንጠባጥብ እንደኖረ ያስታውቃል።

ቱቦው ለምን እንደተቃጠለ ሳስብ የግዢው ቀን ትዝ ይለኛል። ሻጩ ማሽኑን በደረቅ መሬት ላይ፣ ውኃ ሳያገናኝ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ አስነሥቶ አሰማኝ፤ እኔም ድምፁን ሰምቼ ደስ አለኝ። ውኃ ከሌለ ግን ጭሱ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት በቀጥታ ጎማው ውስጥ ያልፋል። ከእኔ በፊት ለስንት ገዢ እንዲሁ አስነሥቶ እንዳሰማ እግዚአብሔር ይወቅ።

የመጀመሪያው ጥገናችን አልሠራም። ስንጥቁን በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ጠቅልለን በሁለት ፋሼታ (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አሠርነው፤ በሦስተኛው ጉዞ ከመነዳሪው ቀልጦ ተጣበቀ። የራዲያተር ማኒኮቶ (የውኃ ጎማ ቱቦ) የመከሩኝም ነበሩ፤ አልተቀበልኩም፤ ያ ለሞቀ ውኃ እንጂ ለጭስ የተሠራ አይደለም። ትክክለኛው ቱቦ በዘመድ በኩል ከዱባይ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ፤ እስከዚያው ማሽኑን አላስነሣሁትም።

የከበደው ቱቦውን መቀየር ሳይሆን የማርሚታውን ብሎኖች መፍታት ነበር። የብረት ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ የባሕር ጨው ሲያገኘው እንደ ተበየደ ይሆናል። ሁለት ሌሊት ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠጥተው እንኳ አንደኛው ተሰበረ፤ ቶርኖ ቤት ወስደን አስበስተን አዲስ ጥርስ አስወጣንለት። የጓርኒሲዮኑን መቀመጫ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አጽድተን፣ አዲሱን አግብተን፣ ብሎኖቹን የማይጣበቅ ቅባት ቀብተን፣ በመስቀለኛ ተራ ጥቂት በጥቂት አጠበቅናቸው። ለቱቦው በየጫፉ ሁለት ሁለት የማይዝግ ፋሼታ፣ መጥበቂያቸውን በተቃራኒ ወገን አድርገን ገጠምን። ማስቲሽ አልቀባንም። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ፋሼታዎቹን እንደገና ሳያቸው ሦስቱ ግማሽ ዙር ያህል ላልተው ነበር።

ከጥገናው ወዲህ አንድ ሰዓት ነድቼ ስመለስ ከሆዱ የሚወጣው ውኃ በጨርቅ የሚጠረግ ያህል ነው። ሁለት ሰው ይዞ 7000 ዙር ላይ ይቆያል፤ ከፍታው የወሰደው ጉልበት ግን አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ልማዴንም ለውጫለሁ። ከማስነሣቴ በፊት መቀመጫውን ከፍቼ ጥቂት ደቂቃ አናፍሰዋለሁ። ቤት ግቢ ውስጥ ማቀዝቀዣውን በቧንቧ ውኃ ሳጥበው መጀመሪያ ሞተሩን አስነሥቼ ከዚያ ውኃውን እከፍታለሁ፤ ሲያበቃም መጀመሪያ ውኃውን ዘግቼ፣ የቀረው እስኪወጣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቄ ሞተሩን አጠፋለሁ። ተራው ከተገለበጠ ውኃው በጭስ ማውጫው ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ወጪው የቱቦ ዋጋ አይሆንም።

ማሽኑን ስገዛው በነበረበት ሁኔታ መልሼ እገዛው እንደሆነ ለሚጠይቀኝ፣ አዎ እላለሁ፤ ዋጋውን ግን የጭስ ማውጫው ሙሉ ጥገና ያልተሠራለት አድርጌ እቀንሳለሁ። አሮጌውን ቱቦ በርዝመቱ ቀድጄ ጋራዡ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ውስጡ በበጋ እንደ ደረቀ ኩሬ መሬት ተሰነጣጥቋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ከዱባይ አንድ ያገለገለ ሊያስመጣ መሆኑን ሲነግረኝ ወስጄ አሳየሁት። ሻጩ የቱቦውን የሥር ወገን በመስታወት አንሥቶ ፎቶ እስኪልክለት ድረስም ቀብዱን እንዳይልክ ነገርኩት።